ድያን ቻንድን ይዘን ወደ መንዝ

ይህ የ2011 ዓ.ም የገና ሰሞን ማስታወሻ ነው። ያኔ በደብተር የጫርኩትን እያሳጠርኩ ነው የማቀርበው። «ዓ.ም» ያልኩበት ቦታ የራሳችን አቆጣጠር ነው። የሌሎቹ ዓመታት አቆጣጠር የፈረንጆቹ ነው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 26

ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ጓደኛዬ ቀድሞኛል። የስፖርት መምህር ነው። ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ነው፤ የእናቱ ዘመዶች ግን መንዝ ናቸው። በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዟል። ረዳቱ አላመነውም። «ፍታው እስቲ» አለ። ሲፈታ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ወጣ። «ለገና ጨዋታ ነው? ይሄማ ቀጭን ነው» ብሎ ሳቀና ወንበር ስር እንዲያስገባው ፈቀደለት።

የሜዳ ሆኪ ዱላ ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሂሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሰጡት። ያኔ በየክፍለ ሀገሩ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። እኚህ ሰው አልጀብራ ጽፈው ሲደክማቸው ጠመኔውን አስቀምጠው ስለ አንድ ሰው ያወሩ ነበር፤ ስለ ህንዳዊው የሆኪ ተጫዋች ስለ ድያን ቻንድ። ጓደኛዬ አልጀብራውን ረስቶታል። ድያን ቻንድን ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል።

ስምምነታችን ቀላል ነው። መንዝ ድረስ ሄደን የገና ጨዋታ እናያለን። መንገድ ላይ እሱ የሰውየውን ታሪክ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ማጋነን ሲጀምር አስቆመዋለሁ። ማጋነን ይወዳላ!

ሰንዳፋንና አለልቱን አለፍን። ሸኖ ላይ መኪናው ቆመ። ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም፤ ተሳፋሪው ግን ከወዲሁ ቅቤ ይገዛል። የሸኖ ለጋ ቅቤ ሳይዙ ለገና ዘመድ ቤት መሄድ አያምርም። እኛም ገዛን። ሽታው ጾመኛውን ሁሉ እየፈተነ አብሮን ተጓዘ። ጫጫ ስንደርስ ጓደኛዬ ወደ አንጎለላ በእጁ አመለከተኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም የተወለዱት እዚያ ነው።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን ገባን። ስለ ብርዱ ብዙ አልጽፍም። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሽሮ በላን። ቀጥሎ የአገሩ አረቄ መጣ። ጓደኛዬም ጀመረ።

ድያን ቻንድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1905 አላሃባድ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዞቹ የህንድ ጦር ውስጥ ወታደር ነበር። ቤተሰቡ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲዘዋወር ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ። በመጨረሻ ጃንሲ የምትባል ከተማ ተቀመጡ። የሚገርመው በልጅነቱ ለሆኪ ግድ አልነበረውም። ትግል ነበር የሚወደው። በ1922 ልክ 17 ዓመት ሲሞላው ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ዱላውን በወጉ የያዘውም ጦሩ ውስጥ ነው። ቀን ሥራ ስላለበት ማታ ማታ በጨረቃ ብርሃን ይለማመድ ነበር ይባላል።

በ1926 የጦሩ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ሄደ። ከ21 ጨዋታ 18ቱን አሸነፉ፤ ሁለት አቻ ወጡ፤ አንድ ብቻ ተሸነፉ። ሲመለስ ምክትል አስር አለቃ አደረጉት።

«ለዚያ ሁሉ ጎል ምክትል አስር አለቃ?» አልኩት።

«አንተ ደሞ! የቅኝ ገዢ ጦር እኮ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27

በጠዋት ወደ አንኮበር። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። የገብሱ አጨዳ አልቋል። በየአውድማው በሬ ይሽከረከራል፤ ገለባው በንፋስ ይበተናል። አንኮበር ጫፍ ላይ ስትቆም ምሥራቁ በሙሉ ከእግርህ ስር ገደል ይሆናል፤ ታች የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚህ እንደተቀመጡ አስረጂ አያስፈልግም። ማን እየመጣ እንደሆነ ከሩቅ ያያሉ።

ከታች ከመጡት እንግዶች መካከል የካፒቴን ሐሪስ ቡድን አለበት። በ1841 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደርሶ የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። ሐሪስ እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ የላከው የቦምቤይ መንግሥት ነው። ህንድ ውስጥ ከሰፈረው ጦር የመጣ መኮንን ነበር። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ደስታው ወሰን አጣ። «ሆኪ ይዘው መጥተው ቢሆንስ?» አለ። አልመጡም። የዛሬው ሆኪ ሕጉ ተጽፎ ማኅበር የቆመለት እንግሊዝ አገር ውስጥ ነው፤ ያም ከሐሪስ ጉዞ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ይልቅ አንኮበሮች ያኔም ገና ይጫወቱ ከነበረ፣ ዱላና ሩር (የገና ኳስ) ያየው ሐሪስ ነው የሚሆነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ዱላ ጠራቢ ደጅ ተቀመጥን። የገና ዱላ ከሱቅ አይገዛም። ጫፉ ላይ በተፈጥሮው የተቆለመመ የወይራ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። ይቆረጣል፣ ይላጣል፣ እሳት እየተመታ ይቀናል። ሰውየው የሆኪውን ዱላ ተቀብለው አገላበጡት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«በዚህ በኩል ጠፍጣፋ፣ በዚህ በኩል ድቡልቡል ነው። ምን ሆኖ ነው?»

«በጠፍጣፋው ብቻ ነው የሚመታው፣ ጋሼ» አለ ጓደኛዬ። «በጀርባው ከነካህ ዳኛው ያስቆምሃል።»

«ታዲያ ሩሩ በግራህ ሲመጣስ?»

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የሆኪ ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኳሷ በግራ ስትመጣ ተጫዋቹ ዱላውን በእጁ ውስጥ ያዞርና ጠፍጣፋውን ፊት ይመልሰዋል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያገላበጠ ኳሷን ከዱላው ሳያርቅ ይሮጣል። ድያን ቻንድ ዓለምን ያስደነቀው በዚህ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ «ማግኔት አለበት» ተብሎ ዱላው ተሰብሮ ታየ የሚል ወሬ አለ። ጓደኛዬ ይህን ሲተርክ ዓይኑ ያበራል። እኔ ግን ማግኔቱን ለተረት ትቼ ቁጥሩን ጠየቅኩት።

ቁጥሩ ይኸው። በ1928 መጋቢት ላይ ቡድኑ ከቦምቤይ በመርከብ ተነሳ። ሊሸኛቸው ወደብ የመጣው ሦስት ሰው ብቻ ነበር ይባላል። አምስተርዳም ኦሎምፒክ ላይ አምስት ጨዋታ ተጫወቱ። 29 ጎል አገቡ። የገባባቸው ዜሮ ነው። ከ29ኙ 14ቱ የድያን ቻንድ ናቸው። በፍጻሜው አስተናጋጇን ኔዘርላንድን 3 ለ 0 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። ቦምቤይ ሲመለሱ ወደቡ በሰው ተጥለቅልቆ ጠበቃቸው።

ጠራቢው ሁሉንም በጥሞና ሰምተው፣ «ግብ ጠባቂውስ? እሱም ይወደስ እንጂ» አሉ። ልክ ናቸው። ዜሮ ጎል በአጥቂ ብቻ አይመጣም።

አዳራችን ደብረ ብርሃን ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28

ረጅም ቀን ነበር። ጠዋት በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ጣርማ በር። ጣርማ በር ሁልጊዜ ጉም ነው፤ ዛሬም ጉም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። የጣሊያን ዋሻ አፍ ላይ ወርደን መንዝ የሚሄድ መኪና ጠበቅን። ዋሻው በወረራው ዘመን ተራራው ተበስቶ የተሠራ ነው። ባዶ እግራቸውን የቆሙ ልጆች ቆሎ ይሸጣሉ። ቆሎ ገዝተን ዳር ተቀመጥን።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ ሎስ አንጀለስን ሊተርክልኝ ፈለገ። በ1932 ህንድ አሜሪካን 24 ለ 1 አሸነፈች። የድያን ቻንድ ታናሽ ወንድም ሩፕ ሲንግ አሥር፣ እሱ ስምንት አገቡ። ቁጥሩ አፍ ያስይዛል። እኔ ግን ለዚህ ውድድር ብዙ ቦታ አልሰጥም። የገቡት ቡድኖች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ህንድ፣ ጃፓንና አሜሪካ። አሜሪካ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፋ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች። ቆሎውን እየቆረጠምን በዚህ ተሟገትን። በመጨረሻ እሱም «እሺ፣ ሎስ አንጀለስን ዝለለው፤ በርሊን ላይ እንገናኝ» አለኝ።

በርሊን እዚህ፣ ጣርማ በር ላይ መተረኩ አጋጣሚ ነው። በ1928 ዓ.ም ሚያዝያ የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ገባ። ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ከሦስት ቀን በኋላ በርሊን ላይ ሂትለር ኦሎምፒኩን ከፈተ። ነሐሴ 9፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 15 ቀን 1936፣ ድያን ቻንድ የቡድኑ አምበል ሆኖ ለፍጻሜው ሜዳ ገባ። ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ እስካይ ድረስ እነዚህ ነገሮች በአንድ ክረምት የሆኑ አይመስለኝም ነበር።

ለበርሊን አመጣጣቸው ጥሩ አልነበረም። ከውድድሩ በፊት በልምምድ ጨዋታ ጀርመን 4 ለ 1 አሸንፋቸው ነበር። ደንግጠው ከአገር ቤት ተጨማሪ ተጫዋች አስጠሩ። ከዚያ በኋላ ግን ሃንጋሪን 4፣ አሜሪካን 7፣ ጃፓንን 9፣ ፈረንሳይን 10 አገቡባቸው፤ አንድም ሳይገባባቸው። ፍጻሜው በዝናብ ምክንያት በአንድ ቀን ተገፋ። ሜዳው ረጥቧል። እስከ ዕረፍት 1 ለ 0 ብቻ ነበሩ። ከዕረፍት በኋላ ድያን ቻንድ ጫማውን አውልቆ ገባ ይባላል። ጨዋታው 8 ለ 1 አለቀ። በጠቅላላው 38 አግብተው አንድ ገባባቸው።

«ሂትለር ጠርቶት የጀርመን መኮንን ላድርግህ አለው» ብሎ ጓደኛዬ ሲጀምር ጭነት የጫነ ኤፍኤስአር መጣና ገላገለኝ። ሂትለር ጠራውም አልጠራው 8 ለ 1 ያው 8 ለ 1 ነው።

ከመዘዞ ወዲያ ያለውን በአጭሩ። ጓሳን አቋርጠን አለፍን። ሳሩ ወገብ ይደርሳል፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሳር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮ አላየንም። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል። አሁንም ለጣራና ለገመድ የሚያጭደው በተፈቀደለት ጊዜ ነው። ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይገባዋል።

መሐል ሜዳ አካባቢ ካለው የጓደኛዬ አጎት ቤት ስንደርስ መሽቷል። ባና አለበሱን። የበግ ጠጉር ቢኮሰኩስም ለመንዝ ብርድ ሌላ መድኃኒት የለም። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፤ ገና

ጾሙ ተፈታ። ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ የመንዝ በግና የሸኖ ቅቤ ነበሩበት።

እኩለ ቀን ላይ ጎረምሳው ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደ ግጦሹ ሜዳ ወረደ። ሜዳ ልበል እንጂ መስመር የለውም። በአንድ በኩል ጅረት፣ በሌላ በኩል የድንጋይ ካብ። ሣሩ ደርቋል፤ መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ባይሆንም ጠንካራ ነው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ናቸው የሚጋጠሙት። ከሁለት ሰፈር ያልሆኑትን ለማካፈል ሁለት ሁለት እየሆኑ ራቅ ይሉና በምስጢር ስም ያወጣሉ። ከዚያ ለቡድን አባቶቹ «አንበሳ ወይስ ነብር?» ብለው ያቀርባሉ። አባትየው አንበሳን ሲመርጥ አንበሳ የሆነው ለእሱ ይደርሳል። ወዳጅ መርጦ መውሰድ አይቻልም። እኔ ከዚህ የተሻለ የቡድን ድልድል አላየሁም።

ሩሯ ከእንጨት ሥር የተጠረበች ናት፤ በጡጫ የምትያዝ። መሐል ላይ ተጣለች። ሁለቱ አባቶች ዱላ አጋጠሙ። ከዚያ በኋላ የተከተለውን በቅደም ተከተል መጻፍ አልችልም። አቧራ፣ ጩኸት፣ የዱላ ግጭት። ማን ስንት ሰው እንዳሰለፈ የሚቆጥር የለም፤ ዘግይቶ የመጣ ዱላውን ይዞ ይገባል። ሩሯ አየር ላይ ስትነሳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይበታተናሉ። ቅልጥሙን የተመታው አንድ እግሩን ይዞ ይዘልላል፤ እየዘለለም ይሳደባል። የሚቆጣው ግን የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ወረዳው ቢመጣ እንኳ ተሰድቦ ይሄዳል።

ጓደኛዬ በሆኪ ዱላው ገባ። ያሳዝናል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሩሯን በጠፍጣፋው ለማቆም ሲያመቻች አንዱ የታች ሰፈር ጎረምሳ ከኋላው መጥቶ በግራ ጠልዞ ወሰዳት። ገና በሁለቱም ጎን ይመታል፤ መገላበጥ የለም፤ መጠበቅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ዱላውን አንድ እረኛ ልጅ ተቀበለው። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሕጉን ማንም አላስረዳውም። ሩሯን ከዱላው ሳያርቅ በሦስት ሰው መካከል ሾልኮ ሮጠ። ጓደኛዬ ከእኔ ጎን ቆሞ «አየህ? አየህ?» ይላል። አየሁ። ልጁ ጠዋት ማታ በዱላ ድንጋይ እየመታ ከብት ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ ድያን ቻንድም መጀመሪያ ያገኘው ሜዳ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የላይ ሰፈር አሸነፈ። ቀጥሎ ያለው ስድብ ነው፤ በዜማ። «አሲና በል» እየተባለ ተሸናፊው ከነዘር ማንዘሩ ይተረባል። ግጥሞቹን እዚህ ባልጽፋቸው ይሻላል።

ማታ እሳት ዙሪያ ጠላ እየተቀዳ ጓደኛዬ ድያን ቻንድን እንደገና ከነሂትለሩ ተረከ። አጎቱ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አባታቸው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የዘመቱ አርበኛ ነበሩ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲያልቅ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ያን ጊዜ ህንድን የሚገዛው እንግሊዝ ነበር አላልክም?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሦስቱን ወርቅ ሲቀበል የተሰቀለው የማን ባንዲራ ነው?»

ቤቱ ዝም አለ። ጓደኛዬ ይህን ታሪክ ለዓመታት ሲተርክ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። የድያን ቻንድ የኦሎምፒክ ዘመን በሙሉ በቅኝ ግዛት ውስጥ ነው። 1928፣ 1932፣ 1936። ደመወዙን የሚከፍለው የእንግሊዝ ጦር፣ ከደረቱ ላይ ያለው ዓርማም የእነሱው ነው። እንግሊዝ ራሷ በእነዚያ ሦስት ኦሎምፒኮች የሆኪ ቡድን አላስገባችም። ለምን እንደቀረች ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ፣ በገዛችው አገር መሸነፉን ፈርታ ነው የሚል ነው።

እኔ አንድ ነገር አስታወስኩ። በርሊን ላይ ለፍጻሜው ከመግባታቸው በፊት፣ በልምምድ ጨዋታ ያሸነፋቸው ጀርመን ሲጠብቃቸው፣ የቡድኑ መሪ በመልበሻ ክፍል የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስን ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ አወጣ። ተጫዋቾቹ በር ዘግተው ሰላምታ ሰጡት። ከዚያ ሜዳ ወጡ። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ጠላቸውን አስቀመጡ።

«እንዲያ ነው» አሉ። «የኛም አባቶች በዱር ሰንደቅ ይሰቅሉ ነበር። ከዚያስ? ነጻ ሲወጡ ተጫወተ?»

እዚህ ላይ ታሪኩ ያስከፋል። ጦርነቱ የ1940ንና የ1944ን ኦሎምፒክ በላ። ህንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ድያን ቻንድ 42 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። በ1948 ለንደን ላይ ህንድ በራሷ ባንዲራ ስር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባች። በፍጻሜው ማን ገጠማት? እንግሊዝ። በዌምብሌይ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ድያን ቻንድ አልነበረም።

«ወይ ጉድ! ዋናውን ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ በለኛ» አሉ ሽማግሌው። እኔ ግን ዋናው ያ መሆኑን አላምንም። በርሊን ላይ በር ተዘግቶ የተሰጠችው ሰላምታ ከዌምብሌዩ ድል ትበልጥብኛለች። ይህን ተናገርኩ። አልተስማሙም። «ሰላምታ ሌላ፣ ድል ሌላ» ብለው ዘጉት።

የሰፈሩ ሴት ልጆችም ተሰብስበው ይሰሙ ነበር። አንዷ፣ ስምንተኛ ክፍል መሆኗን የነገረችኝ፣ «ሴቶች ይጫወታሉ?» ብላ ጠየቀች። ዛሬ ሜዳው ላይ አንድም ሴት አልነበረችም። እኔም የዚምባብዌን ነገርኳት። የሴቶች ሆኪ ኦሎምፒክ የገባው በ1980 ሞስኮ ላይ ነው። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ ብዙ አገሮች ቀሩ። ነጻነቷን ካወጀች ጥቂት ወራት የሆናት ዚምባብዌ በመጨረሻው ሰዓት ተጠራች። ተጫዋቾቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ፤ ተሰባስበው የተለማመዱበት ጊዜም አጭር ነው። አንድም ሳይሸነፉ ወርቁን ወሰዱ። አገራቸው ስትቀበላቸው ለእያንዳንዳቸው አንድ በሬ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። የደረሳቸው ግን የታሸገ ሥጋ ነው ይባላል።

«በሬውን በሉባቸው!» አለች ልጅቷ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

በጠዋት መኪና ጠፋ። የገና ማግስት ነው፤ ሹፌሩም ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጓደኛዬ ማታ የተሰማው ነገር ከንክኖታል። «የኦሎምፒኩን ብቻ ነው የነገርናቸው። ምሥራቅ አፍሪካን አልነገርናቸውም» አለ።

እውነቱን ነው። በ1947 መጨረሻ፣ ህንድ ነጻ በወጣች በወራት ውስጥ፣ የምሥራቅ አፍሪካ እስያውያን የስፖርት ማኅበር የህንድን ቡድን ጋበዘ። ግብዣው ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ድያን ቻንድ ካልመጣ ቡድኑም አይምጣ። ያ የ42 ዓመት ሰው መጣ። በ22 ጨዋታ 61 ጎል አገባ። እስከ ጎረቤታችን ኬንያ ድረስ ማለት ነው። ኬንያ በ1971 በመጀመሪያው የሆኪ የዓለም ዋንጫ አራተኛ ስትወጣ የቡድኗ ጉልበት ከእነዚያ እስያውያን ማኅበረሰቦች የወጡት ተጫዋቾች ነበሩ። ያን ጉብኝት በልጅነቱ ሜዳ ዳር ቆሞ ያየ ስንት ይሆን?

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው አጭር ታሪክ ነው። በ1956 በሻለቃ ማዕረግ ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ሽልማት ተሰጠው። አሰልጣኝ ሆነ። ልጁ አሾክ ኩማር በ1975 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፓኪስታን ላይ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ፤ 2 ለ 1። ህንድ የዓለም ዋንጫ ያገኘችው ያኔ ብቻ ነው። ድያን ቻንድ ታኅሣሥ 3 ቀን 1979 ዴልሂ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። የተኛው እንደማንኛውም ሰው ከብዙ በሽተኛ ጋር በአንድ ክፍል ነበር። አሁን በዴልሂ ስታዲየም በስሙ ይጠራል፤ የልደቱ ቀን የአገሪቱ የስፖርት ቀን ነው። አስታማሚ ሲፈልግ ያጣ ሰው ስታዲየም ሲያገኝ ደስ አይለኝም። የእኛ አገር አትሌቶችና አርበኞችም ይህን ያውቁታል።

ቅጥቅጡ መጣ። ጓሳ ላይ ጉሙ ስለተገፈፈ ሜዳው ጥርት ብሎ ይታያል። እዚያ ነው የመጨረሻው ክርክራችን የተነሳው፤ ስለ ሜዳ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የኦሎምፒክ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሣር ተደረገ። ህንድ ሰባተኛ ወጣች። ከ1928 ወዲህ ያለ ሜዳሊያ ስትመለስ ያ የመጀመሪያዋ ነው። በ1980 ብዙዎች በሌሉበት ሞስኮ ላይ አንድ ወርቅ አገኘች፤ ስምንተኛው። ከዚያ በኋላ ወርቅ አላየችም። ሰው ሠራሽ ሣር ለስላሳና ፈጣን ነው። በሻካራ መሬት ላይ ኳስን ከዱላ ጋር አጣብቆ መሄድ የነበረው ጥቅም ቀነሰ፤ ጉልበትና ሩጫ ከፍ አለ። ሣሩ ደግሞ ውድ ነው፤ በየመንደሩ አይነጠፍም።

ጓደኛዬ «ሣሩ ባይመጣ ዛሬም ህንድ ነበረች» ይላል። እኔ ሌሎቹም ተምረዋል ባይ ነኝ፤ ፓኪስታን እኮ ህንድን ያሸነፈችው በ1960 ነው፣ ሮም ላይ፣ በተፈጥሮ ሣር። እስከ ጣርማ በር ተነታረክን። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ዞረው «ልጆቼ፣ መሬት ነው የምትካፈሉት?» አሉን።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጓደኛዬ አዲስ ዕቅድ አወጣ። ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በአሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው የሚጫወት ቡድን ያቋቁማል። ዱላው የገና፣ ሜዳው የእግር ኳሱ፣ ሴቶችም ይገባሉ። ሕጉን በወረቀት መጻፍ ጀምሯል። ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ በዚህ ተስማምተናል፤ ቅልጥም ይተርፋል። ያልተስማማነው በአንድ አንቀጽ ነው። እሱ በአንድ ጎን ብቻ ይመታ ይላል። እኔ የገና ዱላ ይዞ በአንድ ጎን ብቻ መምታት የሚባል ነገር አይገባኝም ብዬው ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ።